እጄን ያነሳሁበት ጨዋታ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዛሬ ቢሾፍቱ በቀለም ጥይት የሚታኮሱበትን የፔይንትቦል ጨዋታ ፎቶ ሳነሳ የሠርግ ፎቶ አንሺነት ልማዴ ጉድ ሠራኝ። ጭምብል አጥልቄ፣ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሌንሱ ላይ መከላከያ መስታወት ገጥሜ ነበር። ረጅሙን ሌንስ ግን አዳማ ትቼው ስለሄድኩ መጠጋት ግድ ሆነብኝ። ተጫዋቾቹ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ እንደ ሠርግ ቤት እጄን አንስቼ "ወደዚህ እዩ" አልኩ። ሁሉም ዞሩ፤ ከነጠመንጃቸው። ተኮሱብኝም። መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ ሌንሱ ተረፈ።

ዳኛው አቶ ግርማ ከጭምብሌ ላይ ሰማያዊ ቀለም እየጠረጉ "የኔ ልጅ፣ እዚህ እጅ የሚነሳው ከተመቱ በኋላ ነው" አሉኝ።

አልተውም። ለሚቀጥለው ጨዋታ ረጅሙን ሌንስ ይዤ ከሜዳው መከላከያ መረብ ጀርባ እቆማለሁ፤ ግራ እጄም ከሌንሱ ሥር አይነቃነቅም።

ነገ ግን ሠርግ አለብኝ። ሙሽሮቹ ፊት እጄን ሳነሳ ጎንበስ እንዳልል እፈራለሁ።