ወንዶቹ ሲወጡ ስላደገው የሴቶች ድርሻ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ላሳዩን ሽቅብ ለሚወጣው መስመር ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል ፀጉር የማስተካክል፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በወላጆች ተወካይነት ለእኩልነት በዓሉ ተጠርቼ፣ ከኋላ ረድፍ፣ አንድ እግሩ አጥሮ በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ሆኜ ንግግርዎን አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ተከታትያለሁ። በትምህርት ቤታችን የሴት ተማሪዎች ድርሻ ከሦስት ዓመት በፊት ከመቶ አርባ እንደነበረ፣ ዘንድሮ ግን ከመቶ ሃምሳ ደርሶ እኩልነት እንደተረጋገጠ ሲያበስሩን፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። የሴት ልጅ አባት ስለሆንኩ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ሙያ ክፉ ነገር ነው። በማግሥቱ የአንድ ደንበኛዬን ፀጉር ሳስተካክል፣ በአንድ ወገን ያለው በጣም ሲያጥር የሌላው ወገን ያለ ሥራው ያደገ መስሎ እንደሚታይ ልብ አልኩ። ይህን ማንኛውም ጀማሪ ፀጉር አስተካካይ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ከመስመርዎ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፉት ቁጥሮች ትዝ አሉኝ። ከሦስት ዓመት በፊት መቶ ሰማንያ ወንዶችና መቶ ሃያ ሴቶች ነበሩን። ዛሬ መቶ ሃያ ሴቶችና መቶ ሃያ ወንዶች አሉን። በመካከሉ አንዲት ሴት ልጅ ተጨምራ ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ስልሳ ወንዶች ግን ወጥተዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ከዚህ ሥር የበቀሉትን ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከስልሳዎቹ አንዱ የእኔ ታላቅ ልጅ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በተከፈተው የብሎኬት ማምረቻ ተቀጥሯል። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ አጎቱን ሽማግሌ ልኬበታለሁ፤ ነገሩ ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። አሁን ሲመሽ መዳፎቹን ሲሚንቶ በልቷቸው ይመጣና ሳይበላ ይተኛል። እኔ ሞኙ ልጄ ከሰረ ብዬ ሳዝን፣ ለካ የእርስዎን መስመር ሽቅብ ሲገፋ ኖሯል። ስለዚህ ለሴቶች እኩልነት ላበረከተው አስተዋጽኦ በክብር የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ሌላ የምስክር ወረቀት የሚያገኝ አይመስለኝምና ማኅተሙ ጎላ ብሎ ይመታለት።

ሁለተኛ፣ በበዓሉ ላይ ሲሸለሙ ካየኋቸው መካከል የማምረቻው አለቃ አለመኖራቸው አሳዝኖኛል። ያለ አንዳች ሥልጠና፣ ያለ ስብሰባና ያለ ውሎ አበል ይህን ውጤት ያስመዘገቡ እርሳቸው ናቸው። ደግሞም ሰውየው ሠራተኛ መቅጠር አላቆሙም፤ የቀሩትን መቶ ሃያ ወንዶች ቢወስዱልን የሴቶቻችን ድርሻ ከመቶ መቶ ይሆናል፣ ከዚህ በላይ የሚወጣ መስመር ደግሞ እንኳን በአዳራሽ ግድግዳ በጣሪያም ላይ አይገኝም።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ስለጠፋብኝ ይቅርታ ይደረግልኝ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው ቧንቧ ለሴት ተማሪዎች ድጋፍ ተብሎ የተተከለ ነው። በሰፈራችን የሕዝብ ቦኖ ውሃ የሚሸጠው ጠዋት ብቻ ሲሆን፣ ወረፋ የሚይዙትም ሴቶች ልጆች ናቸው። አባትየውስ ምን ይሠራል ቢሉ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ አንድ ሰሞን ሞክሬው፣ ከሥራ በፊት የሚላጩት ደንበኞቼ ዝግ በር እየጠበቃቸው ወደ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዱ፣ እናትየውም ጎህ ሳይቀድ የሆስፒታል ወለል ልትወለውል ትወጣለች። የትምህርት ቤቱ በር ደግሞ ደወል ሲደወል ይዘጋል። ቧንቧው ከተተከለ ወዲህ ግን ሴቶቹ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው በሰዓቱ ይገባሉ፣ ከግድግዳው ሥር ደርድረው ይማራሉ፣ ሲወጡ ሞልተው ወደየቤታቸው ይሸከማሉ። ወንዶቹ ሲፈልሱ እነርሱ ሳያቋርጡ የቆዩት በዚህ ነበር።

ከበዓሉ ማግሥት ቧንቧው በጓጉንቸር ተቆለፈ። ምክንያቱን ለመጠየቅ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው ያስረዱኝን አልረሳም። ድጋፉ የሴቶች ድርሻ ከግማሽ በታች ለሆነባቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ መሆኑን፣ እኛ ግማሽ ስለደረስን ግቡ መመታቱን፣ ምናልባት ወደ ኋላ ከተመለስን ግን ቧንቧው ወዲያውኑ እንደሚከፈት ነግረውኛል። ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከቦኖው ወረፋ ስትደርስ ዝግ በር ጠብቋት ከነጄሪካኗ ተመልሳ፣ ከፀጉር ቤቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ውላለች። አራተኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፤ ከትምህርቷ እንዳትቀርብኝ እፈራለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ወደፊት ሲለኩ ሴቶቹን ከወንዶቹ ጎን ብቻ ሳይሆን ከአምና ከራሳቸውም ጎን ያቁሟቸው። የጎደሉትንም ወንዶች ወዴት ገቡ ይበሉልን። እስከዚያው ግን ቁልፉን ያውሱን።

መስመርዎ እንዳይሰበር፣ ጭብጨባዎም እንዳይቀዘቅዝ ዘወትር እየጸለይኩ፣ ከወንበሬ ተነሥቼና ቆቤን አውልቄ እጅ የምነሣ፣

የአንዲት ተማሪና የአንድ የቀድሞ ተማሪ አባት፣ ፀጉር አስተካካዩ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለልጄ አነበብኩላት። ድርሻው ከግማሽ በታች ከወረደ ቧንቧው መከፈቱ እውነት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እውነት ነው፣ ኃላፊው ራሳቸው ብለውኛል አልኳት። ጥቂት በጣቷ ስታሰላ ቆየችና፣ «እንግዲያው አባዬ፣ ከእኛ ከሴቶቹ አንዳችን ብንወጣ ይበቃል። እኔ ልውጣላቸው?» አለችኝ። ሒሳቧን ደግሜ ሠርቼ አየሁት፤ ልክ ናት። መልሱን ክቡርነትዎ ራስዎ እንዲጽፉላት እለምናለሁ።