በር ላይ የቆመው ሰውዬና የእኔ ሶምሶማ

ማክሰኞ

ዛሬም አላንኳኳም። ማለቴ፣ ልብ ወለዴ ውስጥ ያለው ሰውዬ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተኳርፎ ስንት ዓመት ከቆየ በኋላ ሊታረቅ መጣ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። ከመስከረም ጀምሮ አቁሜዋለሁ። የበሩን ቀለም ጽፌያለሁ፣ ዝገቱን ጽፌያለሁ፣ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ጽፌያለሁ። እጁን አንስቶ ማንኳኳት ግን አቃተው።

ጓደኛዬ ዮናስ ቢኖር ይሰድበኝ ነበር። ካሳንቺስ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ የጻፍኩትን አነብለት ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ከነቤተሰቡ ከተማው ዳር ወጣ። የመጨረሻዎቹን ገጾች በቴሌግራም ላክሁለት፤ አይቷቸዋል፣ መልስ ግን የለም። ካያቸው ወር አለፈ። አልተቀየምኩም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

ነገ ከቢሮ በፊት ልሮጥ ነው። ቁጭ ብዬ ያልመጣልኝ ነገር ስሮጥ ይመጣ እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ

መስቀል አደባባይ። ገና አልነጋም፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሰው ግን ሞልቷል። አንዱን እርከን ከዳር እስከ ዳር ሮጠህ ወደሚቀጥለው ትወጣና ትመለሳለህ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ወጣቶቹ በጎኔ ሲያልፉ "አይዞህ ፋዘር" ይሉኛል። አርባ እንኳን አልሞላኝም።

ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ትንፋሽ ሲያጥር ረጅም ዓረፍተ ነገር አይታሰብም። የበሩ ቀለም ጠፋ፣ ውሻው ጠፋ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ቀሩ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የሚባባሉትን ጮክ ብዬ እላለሁ። ሰው ስልክ የማወራ ይመስለዋል፤ የሚደውልልኝ ያለ ይመስል።

ሐሙስ

ተያዝኩ። "ክፈትልኝ፣ እኔ ነኝ" እያልኩ ስሮጥ ነጠላ ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴትዮ ከፊቴ መጡና "ማንን ነው ልጄ?" አሉኝ። አፍሬ አለፍኩ። እሳቸው ከዚያኛው ዳር ይነሳሉ፣ እኔ ከዚህኛው፤ ስለዚህ ቀጣዩ እርከን መሀል ላይ እንደገና ተገጣጠምን። "ልብ ወለድ ነው፣ እትዬ።" በሚቀጥለው፦ "ስለምን?" ከዚያ በየመተላለፊያችን አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየጣልኩላቸው ታሪኩን ነገርኳቸው። የቀለም ነገር ለማንሳት ጊዜ የለም፤ የሆነውን ብቻ ብሎ ማለፍ ነው። ታሪኩ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ሰውዬው ከመስከረም ጀምሮ እዚያው እንደቆመ ነገርኳቸው። "ከመስከረም ጀምሮ? እግሩ አልደነዘዘም?" አሉ።

ቢሮ ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ሰውዬው እጁን አነሳ።

ዓርብ

እትዬ አስካለ ይባላሉ። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም እንቅስቃሴ አዟቸው ነው የሚመጡት። ባላቸው አርፈዋል፣ ልጃቸው አዳማ ትኖራለች።

"አንኳኳ?"

"እጁን አንስቷል።"

"ጎሽ።"

ስንጨርስ የታችኛው እርከን ላይ ቁጭ ብለን ላባችንን ስንጠርግ ነገሩኝ። የእሳቸውም ቤት ይነሳል፤ ነገ ዕቃ ይጭናሉ፣ ምትክ ቤታቸው ከተማው ዳር፣ አራብሳ ነው። "መጨረሻውን ሳልሰማ ልሄድ ነው በቃ" አሉ። ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ፤ ዓይናቸው ለንባብ እምቢ ስላለ ስጨርስ በስልክ እንዳነብላቸው ነው።

ሁለት ቀን ያወቅኳቸው ሴትዮ ናቸው፣ ግን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ስልክማ የዮናስም አለኝ፣ ምን ጠቀመኝ።

ቅዳሜ

እንደማይመጡ እያወቅኩ ሄድኩ። እርከኑ መሀል ላይ ስደርስ ዓይኔ ይፈልጋል። ኧረ ምን ነካኝ? ከእሳቸው ሌላ ይህን የምነግረው ሰው የለኝም እንዴ? የለኝም። እውነቱ ይኸው ነው። በዚህ ሳምንት የደወሉልኝ፦ ቢሮ፣ አከራዬ፣ ተሳስቼ ነው ያለ ሰው።

ተናድጄ ሮጥኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አንድ ነገር ገባኝ። ሰውዬው የፈራው ወንድሙ እንዳይቆጣው አይደለም። "ማን ልበል?" እንዳይለው ነው። እኔ የምፈራውን ነው የሚፈራው። ለካ ለዚህ ነው በሩ ላይ ያቆምኩት።

ቤት ስገባ ሳልታጠብ ልጽፍ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው አንኳኳ። "ማነው?" ተባለ። "እኔ ነኝ" አለ። በሩ ተከፈተ፣ ወንድሙ ትንሽ አየውና "ግባ" አለው። ጨረስኩ።

እሑድ

ከሰዓት በኋላ ደወልኩላቸው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ዘጋሁት፤ በሦስተኛው አነሱት።

"ማን ልበል?"

እግዜር ያሳያችሁ። "የመስቀል አደባባዩ ነኝ፣ ደራሲው" አልኩ። ራሴን ደራሲ ብዬ አላውቅም ነበር።

"አንተ ነህ እንዴ! ቆይ፣ ወንበር ልፈልግ፤ ዕቃው እንደተቆለለ ነው።"

አነበብኩላቸው። እስከ "ግባ" ድረስ።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"ስንት ዓመት ሙሉ ያላየው ወንድሙ መጥቶለት፣ ግባ ብሎ ምሳ እንኳን ሳያበላው?"

ልብ ወለድ ላይ ሁሉም ነገር አይጻፍም፣ ምናምን እያልኩ ተከራከርኩ። አልሰሙኝም። "እሱን አላውቅልህም። አብላውና ነገ ደውል። እዚህ እንደሆነ የሚያናግረኝ ሰው ገና አላገኘሁም" አሉና ዘጉት።

ነገ ደውል ከተባልኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ወንድማማቾቹ ምን እንደሚበሉ ገና አላወቅኩም፤ ጠዋት እየሮጥኩ አስብበታለሁ።