ቀዳዳዋ በርሜል ላይ የጻፍሽልኝ ቃል

ነቀምቴ፣ ኅዳር 1980 ዓ.ም.

ውድ ድርቤ፣

«ውድ» ያልኩሽ እጄ ለምዶብኝ ነው እንጂ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ሰላምታም አልጨምርበትም። ደህና መሆንሽን ከሾፌሩ ከሞረዳ ሰምቻለሁ፤ እኔ ደህና አለመሆኔን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።

ልጄን ሲሬ ላይ አፈሱት። ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ የሆነው አንቺው ከተማ፣ ከቤትሽ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት መኪና መቆሚያ ላይ ነው። ተድላ ሐሙስ ጠዋት ባዶዎቹን በርሜሎች አስጭኖ ከሞረዳ ጋር ወጣ፤ ወደ ማታ ሞረዳ ብቻውን ተመለሰ። ከጋቢናው ሳይወርድ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ የተገለበጡ መስሎኝ መኪናውን ዞሬ አየሁት፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። በርሜሎቹም በንጹህ ጋዝ ጢም ብለው ሞልተዋል። የጎደለው ልጄ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንደደነገጥኩ አለሁ። እንባ እንኳ እምቢ ብሎኛል። ጎረቤት ሲያጽናናኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚለውን አልሰማም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው። በዓይንሽ እያየሽ እንዴት «ላኪ» ትይኛለሽ?

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ረስተሽው ከሆነ ያስታውስሻል። ጋዝ አቅራቢ እንቀይር ብዬ ሰፈሩን ያነሳሳሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ለሲሬ ሰው ተድረሽ ከጎረቤቴ እስክትሄጂ ድረስ የገብረኪዳንን ጋዝ አብረን አቃጥለናል፣ አብረንም ተቃጥለናል። ውሃ ይቀላቅልበት ስለነበር ፋኖሱ እየተንጣጣ ጥላሸት ይተፋል። ሰፈሩ በጋራ በበርሜል እየወሰደ ይከፋፈለዋል፤ በርሜሉን እስከ አፉ ሞልቶ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ያ አልበቃ ብሎት ጋዝ የፈለገ ሰው የከረመ ሳሙናውንም እንዲገዛ ያስገድደን ነበር። ስንናገረው ሌላ ካገኛችሁ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ ይለናል፤ ሌላ እንደሌለ ስለሚያውቅ።

ሌላ አለ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሲሬ ላይ ፈድሉ የሚባል የጉራጌ ነጋዴ አለ፣ ቦቴው ከአዲስ አበባ ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይቆማል፣ ጋዙም ቃሉም ንጹህ ነው አልሽኝ። መስቀል እንዳለፈ መጣሁ፣ ይዘሽኝም ሄድሽ።

የዚያን ቀን ክርክር መቼም አትረሺውም። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሆነን፣ እኔና ፈድሉ በባንኮኒው ወዲህና ወዲያ ቆመን ስንመዛዘን አንቺ መሃል ላይ ትስቂ ነበር። በርሜሉ በዓይናችን ፊት ይሞላ አልኩት፤ ይሞላ አለ። ጨርቅ ነክረን ለኩሰን እንፈትነው አልኩ፤ እሳቱን ከሱቄ አርቃችሁ ፈትኑት አለ። ሳሙና አንገዛም ስለው እሱ ሳሙና አልሸጥም አለ። ክረምት መንገድ ሲበላሽ የእኛን ድርሻ ለሌላ እንዳይሰጥብን ስለው ግን ጢሙን ሲያሻሽ ቆየ፤ በመጨረሻ እሺ አለ። ገብረኪዳን ዘንድ ዓመታት ለምኜ ያላገኘሁትን በአንድ ቀን አገኘሁ። ልቤ አብጦ ነበር፤ ይኸው አሁን ይተንፍስ።

እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየወሩ ከእናንተ ወገን ተረካቢ ይምጣ፣ መንገድ ላይ ለፈሰሰው እኔ አልጠየቅም አለ። ተረካቢውም ጎልማሳ ይሁን፣ የእድራችሁ ዳኛ ጋሽ ሽብሩ ቢመጡ ደስ ይለኛል አለ። ይህን ጊዜ ነው ጥርጣሬዬ የተነሳው። ጋሽ ሽብሩ ዓይናቸው ደክሟል፣ የሞላውን ከጎደለው አይለዩም። ይሄ ሰውዬ እሺ እሺ ያለኝ ለካ የሚያታልለው ሽማግሌ ፈልጎ ነው አልኩ በሆዴ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ፣ ተረካቢው ልጄ ተድላ ነው፣ ካልሆነ ውሉ ይቅር ብዬ ድርቅ አልኩ። ፈድሉ ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ ሐረግወይን፣ በዚህ ጊዜ ወጣት ልጅ መንገድ ላይ ባይመላለስ ይሻላል» አለኝ። አንቺም ከኋላዬ ነጠላዬን ሳብ አደረግሽው። እኔ ግን በቃሽ፣ ሰውየውን አታሰልቺው ያልሽኝ መስሎኝ ነጠላዬን ነጠቅኩሽ። የተድላን ስም ውሉ ላይ አስጻፍኩ። ከውሉ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ይህን ነበር፤ ተመልሼ ሰፈሩ ላይ የፎከርኩትም በዚሁ ነው።

ጊዜውን የማላውቅ ሞኝ አይደለሁም። ለውትድርና ወጣት ከገበያም ከመንገድም እንደሚታፈስ እኔም እሰማለሁ። ለዚህ አይደል መንገዱን አይተሽ እንድትነግሪኝ የተስማማነው? ደብዳቤ ኬላ ላይ ይከፈታል፣ ስልኩም ሰሚው ብዙ ነው። የገብረኪዳን ቅርስ የሆነችውን ቀዳዳ በርሜል ግን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ሞረዳ መኪናው ላይ ጣል አድርጓት ይመላለስ፣ እኔ በጠመኔ ልጠይቅ፣ አንቺ በጠመኔ መልሺ ተባባልን። ሐሳቡ ያንቺ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሴቶች በበርሜል ልንጻጻፍ ነው ብለን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል።

የመጀመሪያው ጭነት ሲደርስ «ልላክ?» ብዬ ጻፍኩልሽ። ረቡዕ በርሜሏ ተመለሰች። «ላኪ» ይላል። ያንቺው ጽሕፈት ነው፣ «ላ» አንድ እግሩ እንደ ልማዱ ረዝሟል። መሃሉ ላይ በመዳፍ የተጠረገ ነገር ነበረ፤ ተማሪዬ ተሳስታ አረመች ብዬ ፈገግ አልኩ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ አይደለሁ?

መሠረተ ትምህርት ጊዜ ትዝ ይልሻል? እኔ በቀበሌው አዳራሽ በኦሮምኛው መጽሐፍ አስተምራለሁ፣ አንቺና ሎሚ ከፊት ወንበር ትቀመጣላችሁ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ማር ብለሽ ልትጽፊ «ደምማ» ብለሽ ጻፍሽ። «ሃዸ ተድላ፣ ይሄ እኮ ይጠብቃል፤ በምን ላሳየው?» አልሽኝ። ያኔም ዛሬም በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም፣ ላንቺ ሁልጊዜ የተድላ እናት ነኝ። እኔም «ም»ን በመዳፌ ጠረግኳትና አንድ ይበቃል፣ አንባቢው ራሱ ያጠብቀዋል አልኩሽ። ክፍሉ ሳቀብሽ። ከዚያ ወዲህ ፊደል ደርበሽ ጽፈሽ አታውቂም።

እናም ላኪ ስላልሽኝ ላክሁት። ነጩን ሸሚዙን ተኩሼ አለበስኩት። የውሉን ወረቀት ደረት ኪሱ ከተተና፣ ከዛሬ ጀምሮ በሰፈሩ ብርሃን ላይ ሹም ነኝ እያለ ሲያሾፍብኝ ወጣ።

የሆነውን ሞረዳ ነግሮኛል። በርሜሎቹ ተሞልተው ተድላ ክዳናቸውን እያጠበቀ ሳለ ነው የከበቡት። የተማሪነት መታወቂያውን አሳየ፤ አላዩለትም። ውሉን አውጥቶ፣ የሰፈር ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ተረካቢ ነኝ አለ። አንደኛው ወረቀቱን አነበበና «አንተ ጋዙን ተረከብክ፣ እኛ ደግሞ አንተን ተረከብን» አለው። አጥብቄ ያስጻፍኩትን ስም አንብቦ ነው እንዲህ ያለው።

ሞረዳ ስላንቺ የነገረኝንም ልጻፍልሽ፤ የበለጠ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ለካ አፈሳው ሲሬ የገባው ከዚያ ቀን በፊት ነበር። ረቡዕ ሞረዳ በደጅሽ ሲያልፍ፣ ጋቢናው ውስጥ ኬላ ላይ የተሳፈረ ወታደር ስለነበር፣ ቃል ሳትተነፍሺ በርሜሏን ብቻ አስጫንሽው። ሐሙስ ተድላ ከመኪናው ሲወርድ ስታዪው ደግሞ ራስሽን ይዘሽ እየጮህሽ ሮጥሽ አለኝ። ምን ያስጮህሻል፣ ራስሽ ጠርተሽው? አሁንም ልጆቹን የዘጉበት መጋዘን በር ላይ ስንቅ ይዘሽለት እየተመላለስሽ ነው አሉኝ። ጸጸቷ ነው አልኩ። ወታደሩን ፈርታ ይሆናል፣ ወይም የራሷን ወንድም ልታስመልጥ የእኔን ሰጥታ ይሆናል አልኩ። ድርቤ፣ ይህን ሁሉ ባንቺ ላይ አስቤያለሁ። እንዲያውም ልጅ ባለመውለድሽ

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ሎሚ ልታጽናናኝ መጥታ ነው። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም። እግዚአብሔር አላስጨረሰኝም።

ሎሚ ግቢው ውስጥ ትንሽ ተቀመጠች። ቀዳዳዋ በርሜል ረቡዕ እንደወረደች አጥሩ ሥር ቆማለች፤ እንድትነካ እንኳ አልፈቀድኩም ነበር። ሎሚ አየቻትና ይሄማ የድርቤ ጽሕፈት ነው ብላ ተጠጋች። እንደዚያ እንደ ክፍሉ ጊዜ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አነበበች። «ኪ»ን አጠበቀቻት።

«ላኪ?» አለች። «ማል ላኪ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «ድርቤ ምኑን ነው አይሆንም ያለችሽ?» አለችኝ።

ድርቤ ኮ፣ ድርቤዬ፣ ተነስቼ ወደ በርሜሏ ሄድኩ። ሎሚ ደግማ እንድታነበው ለመንኳት፤ ደግማ አጠበቀችው። ድገሚው አልኳት፤ ፈራችኝ መሰለኝ በሹክሹክታ ደገመችው።

ጠብቆ ሲነበብ በኦሮምኛ «አይሆንም» የሆነውን ላኪን የማላውቀው ሆኜ ነው? ገበያ ሄጄ በርበሬ ሲያስወድዱብኝ ላኪ፣ ላኪ እያልኩ አይደል የምዞረው? ልጆች አጥር ሲዘሉ በስንት ላኪ ነው የማወርዳቸው? ጆሮዬ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን አላወቀውም። በአማርኛ ጠየቅኩሽ፣ በአማርኛ የመለስሽልኝ መሰለኝ። «ልላክ?» ላለ ሰው «ላኪ» ሙሉ መልስ ነው። ደግሞም ልልከው ፈልጌ ነበር፤ ለመላክ የቸኮለ ሰው አላልቶ ያነባል።

አንቺማ ነግረሽኛል። ወታደር አጠገብሽ ቆሞ፣ ቃል መተንፈስ ሳትችይ፣ በነበረሽ አንድ ቃል አይሆንም ብለሽኛል። ጩኸትሽም አሁን ገባኝ። አይሆንም ያልሽው ልጅ ከመኪና ሲወርድ አይተሽ እንዴት አትጮሂ።

ይህ ሁሉ እያለ የባሰው ቀርቶ ነበር። ሎሚ ከሄደች በኋላ በርሜሏ ሥር ተንበረከክሁ፤ የጠረግሻትን ቦታ ለማየት። በ«ላ»ና በ«ኪ» መካከል ናት። የጠመኔው ጥላ ብረቱ ላይ ቀርቷል፣ ፀሐይ በጎን ሲመታው ይነበባል። «ክ» ናት። መጀመሪያ «ላክኪ» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አላልታ እንዳታነበው ብለሽ ደረብሽው። ከዚያ እኔ ትዝ አልኩሽ፤ ክፍሉ የሳቀብሽ ትዝ አለሽ። አንድ ይበቃል፣ አንባቢው ራሱ ያጠብቀዋል። በመዳፍሽ ጠረግሻት፣ ልክ እኔ እንዳስተማርኩሽ።

አሁን እንባዬ መጣ። እየጻፍኩ ነው የማለቅሰው፤ ቀለሙ ቢበላሽ ይቅርታ።

ከላይ የጻፍኩትን አልቀደድኩትም። ያሰብኩብሽን ሁሉ ከእጄ ተቀብለሽ አንብቢው፣ ከፈለግሽ ፊቴ ላይ ወርውሪው። ደብዳቤውን ለሰው አልሰጥም፤ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ራሴ አመጣዋለሁ። ሞረዳ ጠዋት ይወጣል፣ ከእሱ ጋር ነኝ። ጋሽ ሽብሩም እመጣለሁ ብለው ከዘራቸውን ይዘው ተነስተዋል። ፈድሉን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ውሉም ይቀየራል፤ ተረካቢዋ ከእንግዲህ እኔ ነኝ። ከዚያ መጋዘኑ በር እንሄዳለን። በርሜል ላይ ስከራከር ያየሽኝ ሴት፣ በልጄ ላይ ስከራከር ደግሞ ታዪኛለሽ። ከመስመር ስወጣ ነጠላዬን ሳቢልኝ። በዚህኛው ጊዜ እቆማለሁ።

በርሜሏን አላጠብኳትም። ጠመኔ አንስቼ «ክ»ን ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ስህተቱ የመምህርሽ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከመኪናው ስወርድ ልጄ አለ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ። ካለ አለ በይኝ። ወስደውት ከሆነም ዓይኔን እያየሽ በአፍሽ ንገሪኝ፤ ላኪ በይ፣ አጥብቀሽ በይው። አሁን እሰማዋለሁ።

ሃዸ ተድላ