ሰሌዳው ላይ የሰቀልኩት ካርድ

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14፤ ኦሃዮ ሲያካፋ ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ብርድ ልብስ ስንሰፋ የነበርነው እኔ፣ ሎሬይንና ጆይስ ነን።

ልጄ ኮሪን፣ ጀርመን አገር አንቺንና ልጆችሽን እግዚአብሔር በእጁ ይያዛችሁ። አባትሽ ደህና ነው፤ ጉልበቱን ብቻ ያመዋል።

ልጅሽ ካልቪን በስድስት ዓመቱ ብቻውን ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ስትነግሪኝ ደንግጬ፣ «እናታቸው ችላ ላለቻቸው የልጅ ልጆቼ ጸልዩ» ብዬ ካርድ ጽፌ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የጸሎት ጥያቄውን የሚሰቅልበት ሰሌዳ ላይ ሰቅዬ ነበር። ዛሬ ሎሬይን ካርዱን አንስታ፣ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፣ «እቴ፣ እኔ ውሻዬን እንኳ ብቻውን አልሰድም» አለች። ጆይስ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እዚያ ልጆች ሁሉ በእግራቸው እንደሚሄዱ፣ አንቺም ሳምንት ሙሉ ከኋላው እየተከተልሽ መንገዱን እንዳስጠናሽው ነግረሽኝ ነበር። ለእነሱ ግን አንዱንም አልተናገርኩልሽም። አፍሬያለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ካልቪን መንገዱን ስሎ ይላክልኝ። ቤትሽ ሰላም አይጣ።

ሐሙስ ጠዋት ካርዱን አውርጄ ቀደድኩት። ከዚያ ሎሬይን ቤት ሄጄ በር ላይ ቆምኩና፣ «የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ልጄ ጎበዝ እናት ናት» አልኳት። «ግቢ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለችኝ። አልገባሁም፤ ጆይስ ቤት መሄድ ነበረብኝ።

እናትሽ