ግራ እግርህን ስጠኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ረገብ አለልሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹስ? እኔ ለክፉ አይሰጠኝም፤ አካሌም ሙሉ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ከታች ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። በዚህ በሰው አገር፣ መጥረቢያ ነክቶት በማያውቅ የጥንት ጫካ ውስጥ ከሁሉ የሚረዝመውን ጥድ እንፈልጋለን። ስናገኝ አለቃዬ በገመድ ጫፉ ድረስ ይወጣና ሜትሩን ቁልቁል ይለቀዋል፤ እኔ ከሥር ሆኜ አነባለሁ። እንደማልኩልሽ ዛፍ አልወጣሁም ነበር። ለልምምድ ሦስት ሜትር መውጣት አይቆጠርም ብዬ ራሴን ሸንግያለሁ፤ እሱንም እወቂው።

ባለፈው ወር ሁለታችን ብቻ ሁለት ቀን በእግር ተጉዘን፣ በመሣሪያ ሲታይ ከዘጠና ሜትር የሚያልፍ ጥድ አገኘን። የት እንደሆነ ለአንቺም ቢሆን አልነግርሽም፤ ሰው ከሰማ ሊያየው ይጎርፍና ሥሩን ረግጦ ያደርቀዋል። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የሚገኘው አርባ ሜትር ላይ ነው። አለቃዬ ወጣ። ሰባ ሜትር ገደማ ሲደርስ የረገጠው ቅርንጫፍ ተሰበረ። ገመዱ ስለያዘው ጭረት እንኳ አልነካውም፤ ግን ግንዱን እቅፍ አድርጎ እዚያው ቀረ። በሬዲዮ ብጠራው፣ ብጠራው ግንዱን አልለቅ አለ። ሠላሳ ዓመት ዛፍ ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። ነፋሱ እየበረታ ሄደ። ለክፉ ቀን ያንጠለጠልነው ሁለተኛ ገመድ ነበርና በእሱ ወጣሁ።

አጠገቡ ስደርስ የሰው አገር ቋንቋ ከአፌ ብን ብሎ ጠፋ። የመጣልኝ ያንቺ አማርኛ ነው። በሰባት ዓመቴ የጓሯችን ጥድ ላይ ወጥቼ መውረድ ሲያቅተኝ ትዝ ይልሻል? አንቺ፣ ወንበር ላይ መቆም እንኳ የምትፈሪው፣ ከሥር ቆመሽ ልክ ጫማ እንደምታደርጊልኝ ግራ እግርህን ስጠኝ፣ አሁን ደግሞ ቀኙን ትዪኝ ነበር። መሬት ስረግጥ በጥፊ አልሽኝና ሁለተኛ ዛፍ እንዳልወጣ አስማልሽኝ። እኔም አለቃዬን እንደዚያው አልኩት። አንዲት ቃል አልገባችውም፤ ግን ግራ እግሩን ስነካው ሰጠኝ። ቀስ በቀስ እጁም ከግንዱ ተላቀቀ፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብን ወረድን። አሁን ጫማውን ሲያስር ሁሉ በተኮላተፈ አማርኛ ግራ እግርህን ስጠኝ ይላል።

ዛፉ ግን እስከ ዛሬ አልተለካም። አለቃዬ አንተ ውጣ፣ እኔ ከሥር ላንብብ ይለኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እትዬ፣ እኔም መውጣት እፈልጋለሁ፤ ልቤ እዚያው ቀርቷል። መሐላሽን ግን ሳልጠይቅሽ አንዴ አፍርሼዋለሁ፤ አሁን አንቺው ካላነሳሽልኝ አልደግመውም። እህቴን ላስፈቅድ ስለው የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እኔንም ያወረደችኝ እሷ ናት፣ ትወስን አለኝ። እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም፤ ገመድ መያዝም ሥራ ነው።

ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ ትበርታ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ የሰፋችልኝ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቢቀርም ይሞቃል በያት። ትንሿን ልጅሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ የጓሯችን ጥድ ላይ እንዳትወጣም አደራ። መልስሽ እስኪደርሰኝ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ናቸው።

ወንድምሽ

ከጫካው ዳር ካለችው የእንጨት ቤት፣
ኅዳር 14 ቀን