የእማዬ የዐይን ጠብታ

ላንቴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሥራ ገረሴ ሰንብቼ ስመለስ የእማዬ የዐይን ጠብታ የለም። ለግላኮማ፣ ዐይን ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ለሚያውረው ሕመም፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገችው በቅርቡ ነው፤ የቀረቻትም ይህችው የታከመችው አንድ ዐይን ናት። ታላቅ ወንድሜን ብጠይቀው፣ "መቅላቱ ሲተዋት ዐይኑን ለሚያመው ጎረቤታችን ሰጠሁት፤ ምን አለበት?" አለኝ።

ጠብታው ለቅላት አልነበረም። በቀዶ ሕክምናው የተከፈተውን፣ የዐይኗ ውሃ የሚወጣበትን ቀዳዳ ጠባሳ እንዳይደፍነው ነበር። ወዲያው አርባ ምንጭ ወሰድኳት። ሐኪሙ፣ "መደፈን ጀምሯል። ነገ በመርፌ ለመክፈት እንሞክራለን፤ ተስፋ ግን አልሰጥሽም" አለኝ።

ማታ ወንድሜ ዞረብኝ። "በቢላ ያስነካሻት አንቺ ነሽ። ሁለተኛ አትወስጃትም።"

"እስቲ ነገ በር ላይ ቆመህ ከልክለኝ፣ ጋሼ።"

እማዬ ወለሉን በእጇ ስትዳብስ ቆየች። ከዚያ፣ "ጫማዬ አልታየኝም" አለች፤ "ጠዋት አንቺ አድርጊልኝ።"