የሽንቴን ነገር ለገበያ ላወጣው ድርጅት

ለተከበሩ የእፎይታ ዲጂታል ጤና ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የምጠይቅዎ ለሰላምታ ያህል ነው እንጂ ለሌላ ላሳልፈው አይደለም። የእኔን ጤና ስለሚያውቁት አልነግርዎትም።

እኔ አሳምነው ይማም፣ በሰፈራ ከወሎ መጥቼ አሶሳ ዙሪያ የቀረሁ ገበሬ፣ ሚስቴ ያረፈችብኝ፣ ፊደልም በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠርኩ ነኝ። ግድፈት ቢያገኙ ይታገሡኝ፤ እኔም የእናንተን ታግሻለሁ። ምስጋናዬ እነሆ።

፩ኛ. ሠራተኛችሁ ሐኒ ገበያ መሃል ድንኳን ተክላ ደሜን በነጻ ስለለካችልኝ አመሰግናለሁ። ሌሊት ሽንት እንደሚያመላልሰኝ ሹክ ብላት፣ በያዘችው ሰፊ ስልክ ላይ ጻፈችና «እስማማለሁ» የሚለውን በጣቴ አስነካችኝ። መሬቴን ስፈርም እንኳ መጀመሪያ አንብበውልኝ ነበር፤ እናንተ ግን ከዚህ ድካም ገላገላችሁኝ።

፪ኛ. ይህንኑ ለመድኃኒት ነጋዴ ስላሳለፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሰፈራችን መብራት ስለሌለው ስልካችንን ቻርጅ የምናደርገው የአገሬው ተወላጅ ሙዳሲር ሱቅ ነው፤ ዓይናችን ለደከመውም የገባልንን መልእክት ጮክ ብሎ ያነብልናል። «ክቡር አቶ አሳምነው፣ ሽንት እንቅልፍ ነሥቶዎታል? ለአዋቂ የሚሆን ዳይፐር አለን» የሚለውን አንብቦ ሲያበቃ፣ «አባባ፣ ይቺ ሽንት ያንተ ነው?» ብሎ በንጹሕ ልቡ ጠየቀኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር።

፫ኛ. ከሰዎቹ አንዱ አቶ በቃሉ ነው። እኔም እኅቱን ወይዘሮ ብዙወርቅን ለማግባት ለእሑድ ሽማግሌ አሰናድቼ ነበር። በቃሉ አሁን «እኅቴን ለባል እንጂ ለአስታማሚነት አልድርም» ብሏል፤ ሽማግሌዎቼ ደግሞ «እስኪደርቅ እንቆይ» እያሉ ይሳለቁብኛል።

የሰውን የጤና ምሥጢር ያለ ፈቃዱ ለነጋዴ ማሳለፍን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ምናልባት መናኸሪያ ቆሞ ተሳፋሪ እስኪሞላ እየጠበቀ ይሆናል፤ የእናንተ መልእክት ግን አሶሳ ለመድረስ ትኬትም አላስፈለገው። ለእናንተ ሕጉ ቅርብ ነውና እባካችሁ አንብቡት፤ ስሜን ከዚያ ስልክ ፋቁ፤ ለማን ለማን እንዳደላችሁትም አሳውቁኝ። እምቢ ካላችሁ እከሳለሁ፤ ሌሊቱን እንደሆነ ነቅቼ ነው የማድረው።

ደጃችሁን የመድኃኒት ነጋዴ አይጣው እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ አገር የሚያውቀኝ ደንበኛችሁ፣
አሳምነው ይማም

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ብዙወርቅ «ወንድሜን ተወው፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» ብላ ልካብኛለች። ለካ ለእርሷም ማስታወቂያ ልካችሁላት ኖሯል፤ የምን መድኃኒት እንደሆነም አጫውታኛለች። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ለማንም አልናገረውም። ለዚህ አዋጅ አላስፈለገኝም።